ሰላምታው ከታች ይሁን

አዋሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሙሉጌጥስ እንዴት ናት? ብርዱ ለቀቃችሁ ወይስ አሁንም ብርድ ልብስ ለብሳችሁ ነው እራት የምትበሉት?

በሰላም ገባሽ ወይ ብለህ በሹፌሩ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ገብቻለሁ። ዝዋይ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶ ከሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ተሰጣን እንጂ ሌላ የገጠመን የለም። ፍቅሬ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሻንጣውን ከመቀበሉ በፊት ያየው ሆዴን ነው፤ አዲስ አበባ ረስቼው የመጣሁ ይመስል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ሁሉ ውሃ አጠጥታችሁ፣ ልፈነዳ ስደርስ፣ ሆዴን በዚያ ቀዝቃዛ ቅባት ለቅልቃችሁ ስታበቁ ዶክተር አምሳሉ ቴሌቪዥኑን ለምን ወደ ግድግዳው አዞረው? መጀመሪያ ወደ እኔ ነበር። “ይኸው ልቡ፣ ይኸው አከርካሪው” ይለኝ ነበር፤ እኔም አዎ አዎ እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዝናብ የመታው መስኮት ነው የመሰለኝ። ራሱ ጋ ሲደርስ ማሳየቱን ተወ። ያንኑ ቦታ እየተመላለሰ ያሸዋል፣ ያሸዋል። ከዚያ አንተን በእንግሊዝኛ አናገረህና ቴሌቪዥኑ ዞረ። አንተም “የስ” ብቻ አልክ።

ስንወጣ ደግሞ ሳቅክ። አንተ እኮ የራስህ ሠርግ ላይ እንኳን አልሳቅክም። መናኸሪያ ድረስ ሸኝተኸኝ፣ ለስላሳ ገዝተህልኝ፣ አውቶቡሱ እስኪነሣ በመስኮቱ ሥር ቆመህ ስትስቅ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ስልሳ ልጅ የማስተምር ሰው ነኝ። የጓደኛውን እርሳስ ሰርቆ ኪሱ የከተተ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ልጄ ቤት ውስጥ በምጥ ብዛት እንደቀረብኝ አንተም ታውቃለህ። ለዚህ ነው “ነይ፣ በድምፅ ሆድ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ ሆስፒታላችን መጥቷል፣ አይጎዳም፣ ራጅ አይደለም” ስትለኝ ሳልከራከር የመጣሁት። እንዲታይ ነው የመጣሁት። የታየውን ንገረኝ።

ግዛቸው ከከረን ጽፏል። ሴት ከሆነች በእማዬ ስም ጥሩወርቅ በሏት፣ ወንድ ከሆነ ግን በኔ ስም እንዳትጠሩት፣ አንድ ግዛቸው ለአንድ ቤት ይበቃል ይላል። ወታደር መሆኑን የሚያሳብቅ አንድ ቃል የለውም። ገጹን የሞላው በበለስ ነው፤ እሾሁን እንዴት እንደሚያራግፉት፣ ስንት እንደበላ፣ ሆዱን እንዴት እንዳደረቀው። ትንሹ ወንድማችን አላደገም።

እህትህ ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለወይዘሮ ታቢታ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከእንጦጦ ብርድ ተነሥቶ እዚያ ከሐይቁ ዳር ድረስ በደህና ይግባልሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽ አቶ ፍቅሬ እንደምን አሉ? ጎረቤትሽ ጫልቱ ከነልጆቿ ደህና ናት? ተማሪዎችሽስ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ሙሉጌጥ ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። እኔም ከሥራ ብዛት በቀር ምንም የምከሰው ነገር የለኝም።

በደብዳቤሽ የቴሌቪዥኑን ነገር ጠይቀሽኛል። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ከመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት ምስሉ አይታይም። በዚህ ምክንያት ሊዞር ይችላል። ስለ ሳቁ ለጠየቅሽው፣ ሰው አንዳንዴ ይስቃል።

አንቺ አሁን የሚያስፈልግሽ ዕረፍት ነው። ውሃ አትቅጂ፣ ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፊም ተቀምጠሽ ይሁን። ለመውለድ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፣ የማውቃት አዋላጅ አለች ብለሽ ለሙሉጌጥ እንደነገርሻት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገር ገና እንነጋገራለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አትቸኩይ።

ለመሆኑ የእድራችሁ ዳኛ አቶ ገብረጻድቅ ደህና ናቸው? እዚያው አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው የሚኖሩት? ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ አቅርቢልኝ። ደግሞ ለአቶ ፍቅሬ ደብዳቤ ቢጻፍ በእርሻ ድርጅቱ በኩል ይሻላል ወይስ በቤት? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ወንድምሽ ደበሌ


አዋሳ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1980 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ሰላምታውን እዘጋዋለሁ፤ ያንተ ለሁለታችንም ይበቃል።

የጠየቅኩህን ትተህ ያልጠየቅኩህን ሁሉ መለስክልኝ። ብርሃን አረፈበት! ያ ክፍል መስኮት የለውም፤ በሩን ዘግታችሁ አምፖሉንም አጥፍታችሁ ነበር። ለመዋሸት እንኳን ልምድ ያስፈልጋል፤ አንተ ደግሞ የለህም።

ለፍቅሬ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ጻፍክለት አይደል? ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ዓሣ ጠብሼለት ነበር፤ አልነካውም። ፍቅሬ ዓሣ ትቶ ሲነሣ ያየሁት አባቱ የሞቱ ዕለት ብቻ ነው። ምን ሆነሃል ስለው መንገዱ አድክሞኝ ነው አለ፤ ያን ቀን ደግሞ የሚነዳት የድርጅቱ መኪና ጋራዥ ነበረች። ቅዳሜ የሕፃኑን ልብሶች ከሳጥን አውጥቼ ሳጣጥፍ “አሁን ተያቸው” አለኝ። ለምን? “እንዲያው ተያቸው።” ከዚያ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ነፋሱ ነው አለ።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ተቀመጪ ትለኛለህ፣ መቀመጫው እሳት ሆኖብኛል። ክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስመላለስ ተማሪዎቼ “ቲቸር፣ ምን ጠፋብሽ?” ይሉኛል። ቤት ስገባ የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጥባለሁ። ጫልቱ “አንቺ ሴትዮ ልትወልጂ ነው ወይስ ቤት ልትለቂ?” ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅኩና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ልጁ ግን ምንም አልሆነም። ይራገጣል፣ ይገለበጣል፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ይደነግጣል። እንዲህ የሚደነግጥ ልጅ ምን ሊሆን ይችላል? ራሱ ላይ ነው ያያችሁት፤ እሱን ራሴ አውቄዋለሁ። ምኑ ነው? እንዳልጠይቅህ ከሆነ ሐሳብህ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስጽፌ እዚያው በርህ ላይ እመጣልሃለሁ።

ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህቴ ለታቢታ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

በዚህ ሆድሽ አውቶቡስ ላይ እንዳትወጪ። ታቢታዬ፣ በደብዳቤ የማይባል ነገር አለ። አባባ ሲሞት እኔ በደብዳቤ አልተነገረኝም፤ ሰው በጠዋት መጥቶ፣ አስቀምጦኝ፣ ትከሻዬን ይዞ ነው። ወረቀት ትከሻ አይዝም። ስለዚህ የምታከብሪያቸው ሰዎች መጥተው ያነጋግሩሻል። የሚሉሽን በትዕግሥት ስሚ። እስከዚያ ወደ ቡሹሎ አትሂጂ።

ወንድምሽ ደበሌ


አዋሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰዎችህ መጥተው ከሄዱ በኋላ ነው። እንዴት ሆነ ብለህ ለፍቅሬ ስልክ መደወልህን ነግሮኛል። እኔ እነግርሃለሁ እንዴት እንደሆነ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አቶ ገብረጻድቅ በጥቁር ካፖርት፣ ከኋላቸው የጸሎት ቤታችን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ኋላ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ወንድም ጋሼ፣ አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም? እንዲህ ሆኖ በጠዋት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም? ወንድሟ ከረን ያለ ሴት በር ላይ?

“ልጄ፣ ተቀመጪ” አሉኝ።

“ግዛቸው ነው?” አልኳቸው።

እኔን ማስደንገጥ ፈርተው፣ ከየት እንደሚጀምሩ ጠፍቷቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ሽማግሌ “እንጸልይ” ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ? ጮህኩ። ወንድሜን! ብዬ መሬት ላይ ወደቅኩ። ጫልቱ በሌሊት ልብሷ ሮጣ መጣች፤ ስሙን ስትሰማ እሷም ደረቷን መታች። ግዛቸው እኮ የሷን ልጆች እሽኮኮ እያለ ያሳደገ ልጅ ነው። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እኔ ስንከባለል የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አምጥተው ግቢው ውስጥ ምሰሶ መትከል ጀምረዋል። ፍቅሬ መሃላቸው ቆሞ “ኧረ አይደለም፣ ኧረ አይደለም” ይላል፤ እንባው ግን ይወርዳል፤ ታዲያ ማን ይስማው?

በመጨረሻ አቶ ገብረጻድቅ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው “ግዛቸው አይደለም! ግዛቸው ደህና ነው! ስለ ሆዷ ጽንስ ነው የመጣነው፣ ራሱ ውስጥ ውሃ አለ ተብሎ!” አሉ።

“ተመስገን” አልኩ።

ሰማህ? ተመስገን አልኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለ ገዛ ልጄ ክፉ ሲነገረኝ እኔ ልጁ ብቻ በመሆኑ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ረገጠኝ፤ እዚህ ጎኔ ላይ፣ እንደሱ አድርጎ ረግጦኝ አያውቅም። ሁለቱን እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኩት። አሁንም ይህን ስጽፍልህ እየጠየቅኩት ነው። እንዲህ ያለውን ደስታ ያስደሰትከኝ አንተ ነህ፤ መቼም አልረሳልህም።

ከዚያ ማንም የሚያደርገው ጠፋው። ከታችኛው ሰፈር የመጣች አንዲት ሴትዮ “ታዲያ የሞተው ማነው?” ብላ ጠየቀች። “ማንም” አሏት። “ታዲያ ለምን አስለቀሳችሁን?” ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። ድንኳኑ ተነቀለ፤ ለቅሶው ግን አልተነቀለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ንፍሮ ያመጡልኛል። አጠገቤ ተቀምጠው “እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጅ ይተካል” ይሉኛል። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ይሰማል እኮ! በሕይወት ያለ ሰው መርዶ ነው የላክብኝ።

አቶ ገብረጻድቅ በጎ ሰው ናቸው፤ የተነገራቸውን ነው የተናገሩት። “ወንድምሽ ሐኪም ቤት ነው፣ ያውቃል፣ ለእናቲቱ ይታሰብ ብሏል” አሉኝ። ለእናቲቱ ይታሰብ ማለት ምን ማለት ነው? ፍቅሬን ብጠይቀው ግድግዳውን ያያል።

ከእንግዲህ ለኔ ስትጽፍ ነገሩን መጀመሪያ ጻፍ። ሰላምታው ከታች ይሁን። ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ የወሰንከውን ጻፍ። የምወልደው እኔ ነኝ።

ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1980 ዓ.ም.

በልጅሽ ራስ ውስጥ ውሃ በዝቷል።

ሁላችንም አንጎላችን ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ፤ ይመነጫል፣ ይወርዳል። የልጅሽ መውረጃው ጠብቧል ወይም ተዘግቷል። ስለዚህ ውሃው ተጠራቅሞ ራሱን እያሰፋው ነው። እንዲህ ያለ ራስ በምጥ አያልፍም። ቡሹሎ አትሂጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ እዚያ ያሉት መልካም ሰዎች ናቸው፣ ሆድ ከፍቶ የሚያዋልድ ሐኪም ግን የላቸውም። የመጀመሪያውም ልጅሽ እንደዚሁ ሆኖ ይሆናል። ማንም አላየውምና ማንም አያውቅም።

ዶክተር አምሳሉ ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው፣ ምጥ ሲመጣ በመርፌ ከራሱ ውሃውን ቀድቶ፣ ራሱን አሳንሶ ማዋለድ ነው። አንቺ ሳትቆረጪ ትተርፊያለሽ፤ ልጁ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ሁለተኛው፣ ቀኑ ሲደርስ ሆድሽን ከፍቶ ማውጣትና ልጁን ለአንጎል ቀዶ ሐኪም መስጠት ነው። ከራሱ እስከ ሆዱ በቆዳው ሥር ቀጭን ቱቦ ይቀበርለታል፤ ውሃው በዚያ ይወርዳል። ቱቦው አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። ተገኝቶም በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ሁሉ ተሳክቶም ይህ ልጅ ይናገራል፣ ይራመዳል፣ ስሙን ያውቃል ብሎ ቃል የሚሰጥ ሰው የለም።

እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ለፍቅሬም ለአቶ ገብረጻድቅም የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ ለእናቲቱ ይታሰብ ማለት ይህ ነው። አንቺን ሳልጠይቅ መረጥኩ። እማዬ ስትሞት አንቺንና ግዛቸውን በእጄ አስይዛኝ ነው የሄደችው። አንዱ ከእጄ ወጥቶ ሩቅ ነው። አንቺን በቢላዋ ሥር ማሰብ አልቻልኩም። ፈራሁ፣ ታቢታ። ፍርሃቴን ወግ አለበስኩትና ሽማግሌ አድርጌ ላክሁብሽ።

አሁን ያየሁትን። አንቺ ልብስሽን ስትለብሺ ዶክተሩ ወጣ፤ ምስሉ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። ጥቁሩ ውሃ ነው። መሃል ላይ እንደ ጠባብ ስንጥቅ መታየት የነበረባቸው ሁለት ቦታዎች ሰፍተዋል። በዙሪያቸው ግራጫ ጠርዝ አለ፤ አንጎል ማለት እሱ ነው። ቀጭን ነው። ግን ዙሪያውን ሁሉ አለ፤ ጣቴን አስከትዬ ተከተልኩት፣ የትም ላይ አልተቋረጠም። በማግስቱ ዶክተሩን ይህ ጠርዝ ያስባል ወይ አልኩት። “መሣሪያው መጠኑን ይነግረናል፤ ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረንም” አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አልነገርኩሽም። ቴሌቪዥኑ ከዞረ በኋላ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ አይቻለሁ። ዶክተሩም ሴት ትመስላለች ብሏል።

ሰላምታዬ ይኸው ከታች ነው። እንደምን አለሽ? ይቅር በይኝ።

ደበሌ


አዋሳ፣ ጥር 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

እመጣለሁ። ሁለተኛው መንገድ ይሁን፤ ይቁረጡኝ።

ብዙ አስቤበት ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤህን ለፍቅሬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አልቅሶ ሲያበቃ “እንግዲህ ሰው ናት” አለ። እሱ የፈራው የሚወለደውን ነገር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ውሃ ውሃ ሲሉ ሰው መሆኗ ጠፍቶበት ነበር። አፏን ፈልጋ እጇን ያስገባች ልጅ መርፌ እንዲገባባት አልፈልግም። አንተ ግን ስለ እኔ መፍራትህን አልጠላሁብህም። እኔም ፈርቻለሁ። ሌሊት ስገለበጥ ሞቴን አስባለሁ፤ ቀን ደግሞ ብትኖርና ባታውቀኝስ እላለሁ። ሁለቱንም ይዤ ነው የምመጣው።

ሦስት ነገር ቃል ግባልኝ። እንደገና ሲያዩኝ ቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ይዙር። ሐኪሙ የሚለውን አንተን በእንግሊዝኛ ሳይሆን እኔን በአማርኛ ይንገረኝ። የቀዶ ጥገናው ወረቀት ላይም የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ባል ነው የሚፈርመው ካሉ ፍቅሬ ከጎኔ ይፈርም።

ልብሶቿን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ጫልቱ አንድ ኮፍያ ሠርታ ሰጠችኝ፤ ሰፋ አድርጋ ነው የሠራችው።

ከታች ሰላምታ፤ ሙሉጌጥን ሳምልኝ።

ታቢታ


አዋሳ፣ ግንቦት 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ትናንት ሳቀች፣ ወንድም ጋሼ።

በእንቅልፏ ለጅብ ወይስ ነቅታ ለሰው ነው የሳቀችው ብለህ እንደምትቀልድ አውቃለሁ። ለፍቅሬ ነው። የመኪናውን ቁልፍ አቃጨለላት፣ ዓይኗን ወደ ድምፁ አዞረች፣ አየችው፣ ሳቀች። ሰውዬው ቁልፉን ጥሎ ወጣና ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ።

ጭንቅላቷ ስንት ደረሰ ላልከኝ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር እሑድ እሑድ እለካታለሁ። ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ከዕድሜዋ በላይ አልሮጠም። ከጆሮዋ ኋላ ቱቦው በጣቴ ይሰማኛል፣ እንደ ክር። ስታስመልስ ነፍሴ ትወጣለች፤ ተዘጋ እያልኩ ሻንጣ ሳዘጋጅ ግሣት ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜማ መናኸሪያ ደርሼ ነው የተመለስኩት። ይህ ሥጋት መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም። ዶክተሩ “አብራችሁ ትኖራላችሁ” ያለኝ ስለ ልጅቷ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ ሥጋቱም ነው።

አንገቷ ገና ነው። ጭንቅላቷ ይከብዳታል፣ በእጄ ካልደገፍኩት ይወድቃል። በዚህ ዕድሜ የጫልቱ ልጆች ቀና ብለው ነበር። ሰው አይቶ ዝም ሲል ይገባኛል። ያቺ ከታችኛው ሰፈር የመጣች ሴትዮ ግን መንገድ ላይ አስቁማኝ “ይህቺ ናት ያስለቀሰችን?” አለችኝ። “ይህቺ ናት” አልኳት። ጉንጯን ሳመቻትና “እንባዬን መልሺ” አለቻት። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ስለ ግዛቸው ምን ሰማሽ ላልከኝ መልስ የለኝም። ጥሩወርቅ መወለዷን የጻፍኩለት ደብዳቤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ከጥር ወዲህ አንድ ቃል የለም። ጠዋት ጠዋት በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ማነው ብዬ ድምፁን ሳልሰማ አልከፍትም።

ሰላምታ ከታች፤ ሦስታችንም።

ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ከግዛቸው ምንም አልሰማሁም። መከላከያ ሚኒስቴር ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠብቅ አሉኝ። እንዲህ ነው፣ የቀነስኩት ነገር የለም።

አንቺ ደፋር ነሽ፣ ማነው ብለሽ ትከፍቻለሽ። እኔ ግን በጠዋት በር ሲንኳኳ ከአልጋዬ መነሣት እያቃተኝ ነው። መጀመሪያ የምትመጣብኝ ጥሩወርቅ ናት፤ ቱቦው ተዘጋ፣ ሳይደርሱ ቀሩ እላለሁ። የወተት ሻጯ ሆና ትገኛለች። ያን ጠዋት ምን እንዳደረግኩብሽ አሁን ነው በደንብ የገባኝ።

አንገቷ የጸና ዕለት በዚያው ቀን ጻፊልኝ። በዚያ ጠርዝ ላይ ጣቴን ያስከተልኩ ሰው ነኝና መስማት ይገባኛል።

ሰላምታ ከታች።

ደበሌ


አዋሳ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ጥሩወርቅ ደህና ናት።

ደግመህ አንብበው። ጥሩወርቅ ደህና ናት። ቱቦው አልተዘጋም፣ ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ አሁን ይህን ስጽፍ ብዕሬን ልትነጥቀኝ ትታገላለች።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ የፍቅሬ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከኛ ቀድሞ ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ በርህ ይንኳኳል። አቶ ገብረጻድቅ ናቸው። ያን ጊዜ ስላስደነገጡኝ እስከ ዛሬ ያዝናሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው አውቶቡስ ተሳፍረው እኔው ልሂድለት ብለዋል። ፍቅሬም አለ፣ እኔም አለሁ። ሙሉጌጥ አውቃለች፣ ደውለንላታል፤ አንተን እንዳትነግርህ የለመንኳት እኔ ነኝ፣ አትቆጣት።

ቀድሜ የጻፍኩልህ በሩን ከፍተህ ስታየን እሷ መስላህ እንዳትወድቅ ብዬ ነው። እኔ ያን ጠዋት የሆንኩትን አንተ እንድትሆን አልፈልግም። እሷ አይደለችም ስልህ ማን እንደሆነ መንገሬ ነው፤ እሱም ይገባኛል። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ነገሩን መጀመሪያ ጻፍ ብዬህ ነበር። ይኸው ግማሹን ጻፍኩልህ። ግማሹን ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በደብዳቤ የማይባል ነገር አለ ስትለኝ ተሳድቤ ነበር፤ ስድቤን አንስቻለሁ።

ትናንት የግዛቸው ጓደኛ ከአሥመራ ሆስፒታል ወጥቶ፣ ምርኩዝ ተደግፎ ቤታችን መጥቶ ነበር። አብረው ነበሩ። የጥሩወርቅን መወለድ ሰምቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሰምቷል። ደብዳቤዬ ደርሶት የመቶውን ወታደር ሁሉ በለስ ጋብዟል።

በሩን ስትከፍት እኛን አትይ። መጀመሪያ እሷን እያት። ጀርባዬ ላይ ናት። ካለፈው እሑድ ጀምሮ አንገቷ ጸንቷል፤ በትከሻዬ ላይ ራሷን ቀና አድርጋ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ታያለች። አንተንም ታይሃለች። ከዚያ ተቀመጥ ሲሉህ ተቀመጥ፤ ትከሻህን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰላምታውን ነገ በአፌ እልሃለሁ።

እህትህ ታቢታ